የኦልጅራ ገልባጭና ወፍራሙ ዘይት

ሰው አያቱን በድንገት የሚያገኝበት ቦታ ይታወቃል፤ ለቅሶ ቤት፣ ዕድር፣ ቢበዛ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ነው። ሳምራ ኦልጅራ ግን በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ፣ ካፊያው ቃሊቲን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ባደረጋት ረፋድ፣ አያቷን ያገኘቻቸው የመኪና ዘይት መሸጫ ደጃፍ ላይ ነው። አቶ ቃልቤሳ መሬቱ ከተማ እስኪሆን ድረስ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዘይት ወገን የሚያውቁት የኑጉን ነው። እኚህ ሰው ሁለት ጀሪካን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፣ የሐዘን ጥቁር ኮታቸው ትከሻው ላይ ርሶ፣ አራት ወር ያልተላጨ ጺማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ሲወጡ ብታይ፣ ከሳሪስ የመጣችበት ታክሲ በቅጡ ሳይቆም ዘላ ወረደች።

«አካኮ! ምነው፣ ጋራዥ ከፈቱ እንዴ?»

አቶ ቃልቤሳ ክው አሉ። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ይጥላል፤ እሳቸው ግን ጀሪካኖቹን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ያን ያህል ዘይት ከኮት ኋላ የሚደበቅ ይመስል!

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ትምህርት የለም?»

«ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ሳሪስ ጋራዥ ልምምድ ላይ ነኝ ብዬ ስንቴ ልንገርዎት? ይልቅ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነው። ዘይት መግዛትም በትምህርት ሆነ?»

«ማን ሊጠጣው ነው?»

«መኪናው ነዋ! ሻፊ ከሰዓት ሊያየው ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?»

ሳምራ አንዱን ጀሪካን ተቀብላ አዘነበለችው። ዘይቱ ከወዲያ ወዲህ ለማለት እንደ ቢሮ ኃላፊ ተለመነ። ከገበያው ሁሉ ወፍራሙ ነበር።

«ይሄ እኮ ለዚያ መኪና አይሆንም። ማነው ይሄንን ይግዙ ያለዎት?»

«ሮሪሳ።»

ሮሪሳ የሰፈሩ ደላላ ነው። ቤትም፣ መኪናም፣ በግም ያሻሽጣል፤ ሦስቱንም የሚያሞግሰው በአንድ ቃል ነው፤ «እንከን የለሽ»።

«ምን ብሎ ይግዙ አለዎት?»

«ካምቢዮው ይጮሃል አልኩት። ወፍራም ዘይት ይሙሉበት፣ ድምፁን ይውጠዋል አለኝ። በቃ። ነገር አታብዢ፣ ዝናብ ነው።»

እዚህ ላይ ሌላ ልጅ ብትሆን «እሺ» ብላ ጀሪካኑን ተሸክማ በሄደች ነበር። ሳምራ ግን ዝም ማለት ያልተፈጠረባት ልጅ ናት፤ እናቷ ዳሲቱ «አንቺን ስወልድ አፍሽ ነው ቀድሞ የወጣው» የምትላት ወድዳ አይደለም። ደግሞም ያ መኪና የማንም መኪና አይደለም። አባቷ የሞተበት መኪና ነው።

ኦልጅራ ቃልቤሳ በዚያ ገልባጭ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል፤ ድንጋይና አሸዋ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲያመላልስ። መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን አሸዋውን ገልብጦ ሲመለስ፣ ካሶኒው፣ ጭነቱ የሚቀመጥበት ያ ትልቁ የብረት ሣጥን፣ መንገድ ላይ ብቻውን ተነሣና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነካ። ኦልጅራ ምን እንደሆነ ሊያይ ከጋቢናው ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ አለቀ። ለቅሶ የመጣው ሾፌር ሁሉ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ረስቶ ነው። ማንሻውን ሳይመልስ ነድቶ ነው። ነፍስ ይማር እንጂ፣ መዘናጋት ነው።» ሰው ሞቶም ከወቀሳ አያመልጥም። አቶ ቃልቤሳ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንዲት ቃል አልመለሱም።

ከዚያ ወዲህ መኪናው የተቃጠለ ጎማው ተለውጦ፣ ሸራ ለብሶ የግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። አሁን ጎረቤታቸው ባለሱቁ ሻፊ ለታናሽ ወንድሙ ለነቢል ሊገዛው ነው። ነቢል መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት አልሞላውም። ሰኞ ጠዋት ድንጋይ ሊጭንበት ከአሁኑ ተዋውሎ ጨርሷል።

አያትና የልጅ ልጅ አንድ አንድ ጀሪካን ይዘው በጭቃው መሐል ወደ ቤት አቀኑ።

«አካኮ፣ የሚጮኸው ካምቢዮው አይደለም።»

«ሳትከፍቺው በምን አወቅሽ?»

«ባለፈው ሳምንት ነቢል ሲያስነሣው ሰምቼዋለሁ። የሚጮኸው ፒቲኦው ነው።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

ሳምራ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ሰው አይደለም አካኮ። ከካምቢዮው ጎን የተለጠፈች፣ ትንሽ ድስት የምታክል የብረት ሣጥን ናት። ውስጧ ጥርስ ያላቸው ብረቶች አሉ። ሾፌሩ ማንሻውን ሲስብ እሷ ከሞተሩ ጉልበት ትቀበልና ለፖምፓው ታቀብላለች፤ ፖምፓው ዘይት ገፍቶ ካሶኒውን ያነሣል። ሥራው ሲያልቅ ማንሻው ይመለሳል፤ እሷም ታርፋለች። ማረፍ አለባት። ካላረፈች...»

«ካላረፈች?»

ሳምራ መልሱን ዋጠችው። ካላረፈች ምን እንደሚሆን ሁለቱም ቀብረው አይተውታል።

ግቢ ገቡ። ዳሲቱ ቂሊንጦ ፋብሪካ የቀን ፈረቃ ላይ ስለሆነች ቤቱ ጭር ብሏል። ከሸራው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሽማግሌው ጀሪካኑን አስቀምጠው በርጩማ ሳቡ።

«አካኮ፣ ሻፊ ከመምጣቱ በፊት ይከፈትና ይታይ። እኔ እከፍተዋለሁ፤ ተምሬዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የሞተ ሰው ዕቃ ዓመቱ ሳይሞላ አይበረበርም።»

«አይበረበርም፤ ግን ይሸጣል?»

«አፍሽን ያዢ! እንግዲህ እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ትልቅ ሰው መድፈርም አብራችሁ ትቆጥራላችሁ መሰለኝ።» አቶ ቃልቤሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ደቁሰው ቀጠሉ። «እኔ ሃምሳ ዓመት ከብት ሸጫለሁ። በሬ ሸጬ ሆዱን ቀድጄ አሳይቼ አላውቅም። ገዢ ያያል፣ ይዳብሳል፣ ይነዳል። ዓይኑ ላላየለት እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?»

ሳምራ አልተቆጣችም። እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ ፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አካኮ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሬ ሲገዙ መጀመሪያ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ጥርሱን ነዋ! ጥርሱን ሳያይ በሬ የሚገዛ ሰው ሚስትም ያለ ሽማግሌ ያገባል።»

«አፉን ፈልቅቀው?»

«አዎ፣ ፈልቅቄ።»

«ሻጩ ‹አፉን አታስከፍቱት› ቢልዎትስ?»

«ትቼው እሄዳለሁ! የሚደብቀው ባይኖር ለምን ይከለክለኛል?» አሉና፣ ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አፋቸውን ገጠሙ። ሽማግሌው ራሳቸው ባጠሩት አጥር ውስጥ ገብተዋል፤ በሩን የዘጉትም እሳቸው ናቸው።

ሳምራ ግን ገና አልጨረሰችም። «ጨው አልሰው ውሃ እያጋቱ፣ ከሲታ በሬ አስነፍተው የሚሸጡም አሉ ይባላል።»

«አሉ እንጂ። ለአባቴ አንዱ እንዲያ አድርጎ ሸጦለት በሦስተኛው ቀን የበሬው ሆድ ጎድሎ አጥንቱ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ የዚያን ሰው ስም ሲጠራ ይተፋ ነበር።»

ሳምራ ጀሪካኑን ብቻ አየችው። አያቷም አዩት። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።

«ሻፊ ነጋዴ ነው» አሉ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ነጋዴ አይታለልም።»

«ጋሽ ሻፊ የሚያውቀው ስኳርና ሳሙና ነው። ደግሞ የሚነዳው እሱ አይደለም፤ ነቢል ነው። ያ ነቢል እኮ አካኮ፣ በለቅሶው ድንኳን ሦስት ቀን ውሃ ሲቀዳልን የከረመው።»

አቶ ቃልቤሳ ፊታቸውን አዞሩ።

«እሺ፣ አልከፍተውም» አለች ሳምራ፤ «ሳልከፍተው ላሳይዎት። እሱንም እንቢ ካሉ ዝም እላለሁ።»

ሳምራ ዝም እላለሁ ስትል መስማት በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ስለሆነ ይሆን፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሸራውን ገፈፈችው። በአራት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ ጎንበስ ብላ ከፒቲኦው ወደ ፖምፓው በሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ አንዲት ወፍራም ነጭ መስመር አሰመረች። ዘንጉንም በእጇ ይዛ ነቀነቀችው፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዘ። ዙሪያው በዘይትና በአቧራ ተለውሷል።

«እዚህ ይቁሙ፤ ራቅ ብለው። መኪና ሲነሣ ከሥር አይገባም። መስመሯን ብቻ ይዩ። ማንሻው አሁን ተመልሷል፣ ተመልክተዋል? ስለዚህ ሞተሩ ቢነሣም ዘንጉ መቆም አለበት። መስመሯ ካለችበት መነቃነቅ የለባትም።»

ጋቢና ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አጓራ። ከሥሩም ሌላ ድምፅ፣ ብረት ብረትን የሚያኝክ የሚመስል ቀጭን ዋይታ ተነሣ።

አቶ ቃልቤሳ መስመሯን ፈለጉ። የለችም። ዘንጉ በኃይል እየዞረ ነጩን መስመር ውጦታል። ማንም ሳያዝዘው ይዞራል።

ሞተሩ ጠፋ። 

«አዩት?» ሳምራ ከጋቢናው አንገቷን አውጥታ ጠየቀች።  «ማንሻው ተመልሶም አያርፍም። ውስጡ ተበልቶ ተጣብቋል። ፖምፓው መንገድ ሙሉ ይዞራል፤ ዘይቱን የሚከፍትና የሚዘጋው የካሶኒው ማዘዣ ትንሽ ከላላ ወይ ከተነካ ካሶኒው ብቻውን ይነሣል። ሾፌሩ የሚያውቅበት ቀይ መብራት ነበር፤ ይኸው አምፖሉ ተቃጥሎ ቀርቷል። አካኮ... አባዬ አልረሳም ማለት ነው እኮ! ቢመልሰውም...»

ንግግሯ ተቋረጠ። እጇ ማንሻው ላይ ነበር። የማንሻው ቀለም ከአንገቱ ሥር ዙሪያውን ተፍቆ ብረቱ እንደ ቀለበት ያበራል።

«ይሄን ምንድን ነው የበላው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ።

«አካኮ፣ እዚህ ላይ የታሰረ ነገር ነበር?»

አቶ ቃልቤሳ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

«ጠፍር ነው» አሉ።

«የምን ጠፍር?»

«የሞፈር ጠፍር። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

ከዚያ ሽማግሌው ወሬ ሳይሆን ትውከት እንደመጣበት ሰው እየቆረጡ ተናገሩ። «ኦልጅራ ማንሻው እየዘለለ አስቸገረኝ አለኝ። ካሶኒው እኩሌታ ሲደርስ ይቆምበታል። ጋራዥ ላግባው፣ ሦስት ቀን ያቆሙታል አለ። እኔ ሳቅሁበት። ‹የላላ ነገር ይታሰራል እንጂ ሐኪም ቤት ይተኛል?› አልኩት። ሞፈር ሲላላ ምን አደርግ ነበር? በጠፍር አጠብቃለሁ፤ ሳርስ እውላለሁ። መሬቱ ሲሄድ፣ በሬዎቹ ሲሄዱ፣ አንዲት ጠፍር ቀርታኝ ነበር። አውጥቼ በገዛ እጄ አሰርኩለት። ሲገለብጥ ያስራል፣ ሲጨርስ ይፈታል። ‹አባ፣ ጥሩ መካኒክ ነህ› ብሎ ሳቀ። እንዲያ ስድስት ወር ሠራ።»

ሳምራ ከጋቢናው አልወረደችም።

«የዚያን ቀን ሰምቼ ሮጬ ደረስኩ፤ መብራቱን ሲቆርጡት ከሰው ሁሉ ቀድሜ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ጠፍሩ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ተፈትቶ! ልጄ ፈትቶታል፤ ማንሻውንም መልሷል። አልረሳም። ጠፍሩን ኪሴ ከተትኩና አቃቂ ወንዝ ወረወርኩት። ድንኳን ውስጥ ‹ረስቶ ነው› ሲሉ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢከፈት መካኒኩ ‹ይሄ ታስሮ የነበረ ነው፣ ማነው ያሰረው?› ይላል። ለዚህ ነው ዘይቱ። ልጄን አንዴ መሬት ቀበረው፤ ሁለተኛ ጊዜ እኔ ቀበርኩት።»

ይህን ሰምቶ መፍረድ ለማንም ቀላል ነው። ሳምራም ለመፍረድ ቅርብ ነበረች፤ በሩን ከፍታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ወደ ዋናው መንገድ ለመሄድ እግሯ ተነሥቶ ነበር። አባቷን ረስቶ ነው ሲሉ ከክፍሏ ልጆች ጋር ስንት ቀን ተጣልታለች! አሁን ግን የምታያቸው ሽማግሌ ራሳቸውን አይከላከሉም፤ ሁለት መዳፋቸውን ፊታቸው ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ያዩታል።  ቀስ ብላ ወረደች።

«አካኮ» አለች፤ «ያኔ ሳያውቁ ነው ያሰሩት። ብረት እንደ እንጨት መሰለዎት። ዛሬ ግን አይተዋል። መስመሯ ስትጠፋ በዓይንዎ አይተዋል። አሁን ያንን ዘይት ቢጨምሩበት...»

«ቢጨመርበት?»

«ለነቢል የሚያስሩለት እያወቁ ነው።»

 የግቢው በር ተንኳኳ።

ሻፊ ከዙህር ሶላት መልስ ቀጥታ ነው የመጣው፤ ኮፍያው ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። ነቢል ከኋላው ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ዘለል ዘለል እያለ ገባ።

«ሳምሪ! መኪናዬን ገልጠሽ ጠበቅሽኝ? ታጥቦ ቢጠብቀኝ ደግሞ እንዴት ባማረ!»

«ገና ያንተ አልሆነም፤ አፍህን ሰብሰብ አድርግ» አለችው፤ ግን ዓይኗ አያቷ ላይ ነው።

«ሰላም ዋሉ አባባ» አለ ሻፊ፤ «ምነው ፊትዎት? አመመዎት እንዴ?»

አቶ ቃልቤሳ ተነሡ። ለመነሣት መኪናውን መደገፍ ነበረባቸው። «ሻፊ ልጄ፣ ተቀመጥ። ከመኪናው በፊት እኔን አድምጠኝ» አሉ። ሁሉንም ነገሩት፤ ጠፍሩን፣ ወንዙን፣ ድንኳኑን፣ ጀሪካኑን። አንዱንም አላስቀሩም። ሲጨርሱም «እንግዲህ ይከፈትና ይታይ። ከፈለግህ ስደበኝ፤ መብትህ ነው» አሉ።

ሻፊ «አስተግፊሩላህ» አለ። ቀጥሎ ወደ ጀሪካኑ ዞሮ፣ «ሮሪሳ እንከን የለሽ ብሎ በእናቱ ምሎልኝ ነበር» አለ።

«እናቱ በሕይወት የለችም» አለች ሳምራ።

ማንም አልሳቀም። ሳምራ ቱታዋን ለብሳ መፍቻ ይዛ ሥራ ጀመረች፤ ነቢልም ጃኬቱን ጥሎ አጠገቧ ተንበረከከ። ፒቲኦውም የሚጋራውን የካምቢዮውን ዘይት ንጹሕ የልብስ ሳፋ ውስጥ አወረዱት። ሳምራ ከተበላሸ ስፒከር የተፈታ ማግኔት በክር አንጠልጥላ ዘይቱ ውስጥ አዞረችው።

«እንደ ኩል የላመ ጥቁር ነገር ብቻ ከያዘ አያስፈራም፤ ብረት ሲሠራ ያልቃል» አለች። «ስባሪ ከያዘ ግን ውስጡ እየተሰበረ ነው።»

ማግኔቱ ሲወጣ ጃርት መስሏል። ነቢል ከስባሪዎቹ አንዷን በጣቱ ነቀላት፤ የበቆሎ ፍሬ ታክላለች። የፒቲኦው ክዳን ሲፈታ ከየት እንደመጣች ታወቀ፤ ከጥርሶቹ ሁለቱ ከሥራቸው ተገንጥለዋል፣ ሌሎቹ ጫፋቸው ተበልቶ እንደ ምላጭ ስሏል፣ ገፍቶ የሚያላቅቃቸው ብረትም ጎብጦ ከቦታው አይነቃነቅም።

«ፍሪሲዮን በደንብ ሳይረገጥ፣ እስኪረጋ ሳይጠበቅ ሲሳብ ጥርሱን ይፈጨዋል። ሲዘል ደግሞ ታሰረ» አለች ሳምራ፤ ‹ማን አሰረው› የሚለውን ዘለለችው።

«እኔ ባለፈው ካሶኒውን አንሥቼ ሞክሬው ነበር እኮ» አለ ነቢል፤ «እንደ ቄጤማ ነው የተነሣልኝ።»

«ባዶውን ነዋ! ባዶ ካሶኒ ማን አይነሣለትም? የታመመ ሰውም ባዶ እጁን ያነሣል። ጭነት ጭነህ፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ፣ እኩሌታው ላይ አቁመህ ነው የሚፈተነው።»

ነቢል ስባሪዋን መዳፉ ላይ አገላበጣት። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «ሰኞ ድንጋይ ልጭን ነበር» አለ፤ ለማንም አይደለም የተናገረው።

ሻፊ ወንድሙን አየ፤ የወንድሙን መዳፍ አየ። ከዚያ የአቶ ቃልቤሳን እጅ ይዞ ግንባሩን ትከሻቸው ላይ አስነካ። ሳይገዛ ወጣ፤ ግን ሲወጣ «ሲጠገን ይጥሩኝ አባባ። ከሌላ ሰው አልገዛም» አለ።

ይህ ሁሉ ሆነና ቤቱ ደስ አለው ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። ዳሲቱ የባሏን ነገር ስትሰማ አልጮኸችም፤ ለሽማግሌው እራት ታቀርባለች፣ አታናግራቸውም። ሰፈሩም ተከፈለ። አንዳንዱ «ኦልጅራን አምተነው ነበር፣ ይቅር በለን» አለ። ሌላው ደግሞ «ልጁን በጠፍር የገደለ» ብሎ በሽማግሌው ጀርባ አንሾካሸከ። አቶ ቃልቤሳ ግን ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የገለጠውም ቢሆን ወዲያው አይድንም፤ ግን ቢያንስ የት ላይ እንደሚያመው ያውቃል።

ፒቲኦው ከነ ጥርሱ ተቀየረ፤ የካሶኒው ማዘዣም ተፈትሾ ጠበቀ፤ ቀዩ መብራት አምፖል ገባለት፤ ካምቢዮው ራሱ የሚፈልገው ዘይት ተሞላለት። ጋራዡ ሦስት ቀን ነው የፈጀበት። በነሐሴ መጀመሪያ ሻፊና ነቢል ተመለሱ። አሸዋ ተጭኖ መጣ። ሳምራ በዘንጉ ላይ አዲስ መስመር አሰመረች። ነቢል ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ አምስት ቆጥሮ፣ ማንሻውን ሳበ። ቀዩ መብራት በራ። ካሶኒው ከነ አሸዋው ተነሣ፤ ነቢል እኩሌታው ላይ ሲያቆመው አልወረደም፣ አልተንቀጠቀጠም። ወርዶ ማንሻው ሲመለስ መብራቱ ጠፋ፤ ነጯም መስመር ከቦታዋ ታየች። አቶ ቃልቤሳ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ነቢል ሊወጣ ሲል ሽማግሌው የጋቢናውን በር ያዙ።

«ስማኝ ልጄ። የላላ ነገር አትሰር፤ ለምን እንደላላ ጠይቅ። ሲጮህ አፉን አታስይዝ፤ የሚጮኸው እንዲሰሙት ነው። ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ከሥሩ ዘይት ጠብ ብሎ እንደሆነ እይ። ቀዩ መብራት እየበራ አንድ ስንዝር አትንዳ። ካሶኒው ተነሥቶ ሳለ በብረት ሳትደግፈው ከሥሩ አትግባ። ሽቦ ከነካህም ከጋቢናህ አትውረድ፤ መብራቱን እስኪቆርጡት ተቀመጥ። ሦስት ቀን ጋራዥ ቢያቆሙብህ ሦስት ቀን ነው፤ አራተኛው ቀን ያንተ ነው። እድሜ የሚባለው እሱ ነው። መኪና ስትገዛም አስከፍተህ እይ፤ ስትሸጥም ከፍተህ አሳይ። ያኔ የገዛኸው አይገድልህም፣ የሸጥክለትም ሰው ስምህ ሲነሣ አይተፋበትም።»

«እሺ አባባ» አለ ነቢል፤ ዛሬ አልቀለደም።

ገልባጩ ወጣ። ድምፁ ወደ ዋናው መንገድ እየራቀ ሄደ። ግቢው ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ቀሩ፤ ደመናው ዝቅ ብሏል።

«ሳምራ።»

«አቤት አካኮ።»

«አንቺ ተምረሻል። አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ እንዳትዋሺኝ። ያኔ ጋራዥ ላግባው ሲለኝ እሺ ብዬው፣ ሦስቱን ቀን ቢያቆሙት ኖሮ... ልጄ ይኖር ነበር?»

ሳምራ ለሁሉ ነገር መልስ አላት፤ ለዚህም ብዙ መልስ መጣላት። ‹ማን ያውቃል› ማለት ይቻላል። ‹የእግዜር ሥራ ነው› ማለት ይቻላል። ሁሉም ለስላሳ ነው፤ ሁሉም ድምፁን ይውጠዋል። አያቷን አየቻቸው። ዓይናቸውን ከዓይኗ አላነሡም።

«ይኖር ነበር አካኮ» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው ነቀነቁ። እንባቸው በጺማቸው ወረደ። አልጠረጉትም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ። «በይ ነገ የገልባጭ ሾፌሮቹ ለጭነት ከሚሰለፉበት ትወስጂኛለሽ። እኔ የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ መኪናቸው እንዴት እንደሚታይ ታሳያቸዋለሽ።»